ቀለም የሌለው ቀለም

ይህ ነገር በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ ሙክት፣ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይትና የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ነው። ነጋዴ ለሆነ ሰው ይህ ወጪ አይባልም። በአንድ የገበያ ቀን ከዚህ የበለጠ በቀረጥ የተወሰደብኝ ጊዜ አለ፤ ያንን በሳምንቱ ረስቼዋለሁ። ይህኛውን ግን ጣሊያን ከወጣም በኋላ፣ ካረጀሁም በኋላ ልረሳው አልቻልኩም።

ያን ጊዜ የምነግደው ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት ከተማና በቡሬ መካከል ነበር። ጨው፣ ቅቤ፣ ማር፣ የተገኘውን ሁሉ። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል፤ ገጠሩ የአርበኛ ነው። እኔ በቅሎዎቼን በሁለቱ መካከል እነዳለሁ፤ ለጣሊያን የይለፍ ወረቀት፣ ለአርበኛ ደግሞ ለስላሳ ምላስ ይዤ። ሁለቱም አያምኑኝም ነበር። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ አጥቢያ የመሪጌታ ሚስት የነበሩ አንዲት ሴት ይኖሩ ነበር። ባላቸው ቅኔም ያስተምሩ፣ ሥዕልም ይሥሉ ነበር አሉ፤ እኔ አልደረስኩባቸውም፣ ጣሊያን ከመምጣቱ ብዙ ዓመት በፊት በንዳድ ሞተዋል። ሴትዮዋን ያወቅኋቸው መንገድ በተዘጋ ጊዜ አራት ጭነት ጨዌን ጎተራቸው ሥር ደብቀው ስላቆዩልኝ ነው። ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ አንዲት አሞሌ አልጎደለችም።

"እትዬ፣ ለድካምዎ ምን ልስጥ?" ብላቸው፣

"ድካም? ጨው ሣር ይታጨድለታል፣ ይታለባል እንዴ? ሂድ ወዲያ!" ብለው ሳቁብኝ።

እኒህ ሴት አንድ የዋንዛ ሳጥን ነበራቸው። የፊቱን ገበታ ባላቸው ሥለውበታል። መካከሉ ላይ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ ዙሪያውን ሐረግ። ከታች፣ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ተደፍቶ በሚሣልበት ቦታ፣ መሪጌታ ራሳቸውን አልሣሉም። በነጠላ የተጠቀለለች አንዲት ሕፃን ሥለዋል። ዓይኗ ትልቅ ነው፤ ከፈረሱ ዓይን ይበልጣል። ልጃቸው ናት። እሳቸው ሲሞቱ ገና ጥርስ አላበቀለችም። በቤተ ክርስቲያን የነበረው ሥራቸው ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኑን ሲያቃጥል አብሮ ነደደ፤ ከእጃቸው የቀረ ይህ ሳጥን ብቻ ነው። ልጅቱ አባቷን የምታውቀው በዚህ ነበር፤ አባቴ እንዲህ አድርጎ አይቶኛል ትል ነበር።

አሁን ልጅቱ ከቡሬ ወዲያ ላለ የሽንዲ ሰው ታጭታለች። ሠርጉ በጥር ነው፤ ሳጥኑም አብሯት ይሄዳል። ችግሩ ቀለሙ ነበር። መሪጌታ ቀለሙን ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ነው የለወሱት፤ ዘመን ሲቆይ እንደ ዱቄት ይነሳል። ሳጥኑን የተደገፈ ሰው ጀርባው ቀይ ሆኖ ይነሣል።

"ሽንዲ ሳይደርስ የበቅሎዋ ጎን ይጠርገዋል፣" አሉኝ። "አንተ ቡሬ ውለህ ቡሬ ታድራለህ። ፈረንጅ ለዚህ መላ የለውም?"

መላ ነበረው። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምሽጉ ውስጥ የአንድ ሹም ቁም ሳጥን ነበር፣ አበባ የተሣለበት፤ ላዩ ላይ መስታወት ያፈሰሱበት ይመስላል። ውሃ ሲደፉበት ኮለል ብሎ ይወርዳል፤ አበባው ንክች አይልም።

"የሚቀባ ነገር ነው፣" አልኳቸው። "ቀለም ነው፤ ግን ቀለም የለውም።"

ልጅቱ ከጓዳ ሆና ሰማችን። "ቀለም የሌለው ቀለም! እማ፣ ጨው የሌለው ጨው ሳይሸጥልሽ ቶሎ አስወጪው!"

እናትየዋ እስኪያነቡ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንዲያ ያለች ተጫዋች ልጅ ነበረች።

ቡሬ ወርጄ በአስተርጓሚ በኩል የጣሊያኑን አናጢ አነጋገርኩት። ሽማግሌ ነው፤ ጠመንጃ ሲያዝ አይቼው አላውቅም። በሙክት ተስማማን። አናጢው አንዲት ቆርቆሮ አወጣ፤ እሱ ቬርኒቼ አላት፣ እኛ ኋላ ቨርኒሽ ያልነው ነው። ከዚያ ጣቱን እየቀሰረ ብዙ ተናገረ።

"ስስ አድርገህ ቀባ ይልሃል፣" አለ አስተርጓሚው። "ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርብ። ጭስና አቧራ የሌለበት ቦታ ይሁን። መጀመሪያ በማይታይ በኩል ሞክረው። ምንም ነገር አትጨምርበት።"

"ከምንድን ነው የሚሠራው በለው።"

ሁለቱ ትንሽ ተነጋገሩ። "ከተልባ ዘይትና ከዛፍ ሙጫ።"

"ተልባ? ይቺ የኛዋ ተልባ?"

"ሰውዬ፣ ተልባ ተልባ ናት። ሙክቱን አምጣ።"

ምንም አትጨምርበት ያለውን ደኅና አድርጌ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ግን የሻጭ ቃል መሰለኝ። እኔም ማር ስሸጥ ምንም አልተጨመረበትም እላለሁ። አናጢው ሌላ ቆርቆሮ ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው ብዬ በልቤ አደነቅሁት።

ስመለስ ከተማው ውስጥ ለጣሊያን ያደረ አንድ ሹም ወሬው ቀድሞኝ ደርሶት ጠበቀኝ። የይለፍ ወረቀት የሚያትመው እሱ ነው። አረንጓዴ የተቀባ ባለመደገፊያ ወንበር ነበረው፤ ተቀምጦበት ሰው ያስገርፋል፣ ሰው ያስራል።

"ያን የሚያበራ ነገር ይዘህ መጣህ አሉ፣" አለኝ። "ወንበሬን አብራልኝ። ወረቀትህ እስከ ፋሲካ ይታደስልሃል።"

ቀባሁለት። ሁለት ጊዜ፣ ስስ አድርጌ፣ ጭስ በሌለበት ክፍል፣ እንደታዘዝኩት። ምንም አልጨመርኩበትም፤ እሱን እፈራዋለሁ። ወንበሩ አበራ። ከቆርቆሮዋ ግማሽ በላይ አለቀ።

ለሳጥኑ የቀረው አይበቃም ነበር። ቡሬ ተመልሼ ሌላ ሙክት ማውጣት እችል ነበር፤ ሙክት ነበረኝ። ይልቅ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ነገሩ ከተልባ ዘይት ከሆነ፣ ተልባና ኑግ በአንድ ማሳ ይበቅላሉ፣ በአንድ መጭመቂያ ይወጣሉ፣ ምን ለያቸው? ከንጹሑ ጥቂት ለቅምሻ አስቀረሁና በቀረው ላይ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ጨመርኩበት። መልኩ ማር መሰለ። ቆርቆሮዋ ሞላች። በሙያዬ ኮራሁ።

ለቅምሻ ያልኩትን ልግለጸው። ማር የሚሸጥ ሰው ለገዢ የሚያስቀምሰው ከላይኛው ነው። እኔም ሴትዮዋ ቤት ስደርስ በንጹሑ የሳጥኑን ሥር ቀባሁ። በማግሥቱ እንደ ዐለት ደርቆ አደረ። ሴትዮዋ ጥፍራቸውን አሳረፉበት፤ ጥፍራቸው ተንሸራተተ።

"አበጀህ! በል እንግዲህ ፊቱን፣" አሉ።

"ደጅ አውጥተን እንቀባው ወይ?" ስትል ልጅቱ ጠየቀች።

የውቂያ ወራት ነው፤ ከየአውድማው እብቅ ይበናል። ቤት ውስጥ ደግሞ ጭስ አለ። ጭሱን መረጥኩ። የፊቱን ገበታ ቆርቆሮዋ ውስጥ ባለው ቀባሁት።

ያን ሰዓት ያየሁትን አልክድም። የደበዘዘው ቀይ እንደ በርበሬ ደመቀ። ፈረሱ አንገቱን ቀና ያደረገ መሰለ። የሕፃኗ ዓይን ተከፈተ። ሴትዮዋ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ በሐዘን ያሉ ይመስል መልሰው በእጃቸው ከደኑት። ልጅቱ ምንም አልቀለደችም። ሳጥኑ ፊት ቁጭ ብላ ሕፃኗን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

"አባቴ ዛሬ የጨረሰው ይመስላል፣" አለች።

ሳይደርቅ አትንኩት ብዬ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ሳልፍ ጎራ አልኩ። ጣቴን ሳስነካው ያዘኝ። "ይደርቃል፤ ትልቅ ገበታ ስለሆነ ነው፣" አልኳቸው። በስምንተኛው ቀን ዝንብ ይዟል፣ የምድጃው ጥላሸት ተለጥፎበታል፣ እብቁም ከደጅ ገብቶ ለጊዮርጊስ ጢም አብቅሎለታል። ያን ጊዜ አወቅሁት። ኑግ እንደ ተልባ አይደርቅም። የከተማ ነጋዴ ሆኜ ይህን የማላውቅ እኔ፣ ዘይት የሚያስጨምቅ ገበሬ ብጠይቅ ይነግረኝ ነበር። ያልጠየቅሁት ደግሞ ምን ልታደርግበት ነው እንዳይለኝ ፈርቼ ነው።

"ነገ ከነገ ወዲያ መጥቼ አስተካክለዋለሁ፣" አልኩና ቡሬ ወረድኩ።

ሁለት ጊዜ ሰው ላኩብኝ። ሁለቱንም ጊዜ መንገዱ በተኩስ ተዘግቷል አልኩ። መንገዱ ክፍት ነበር። አናጢውንም አልጠየቅሁትም፤ ሙክት እያለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሠርጉ እስኪያልፍ ነበር የምጠብቀው። ሳጥኑ ሽንዲ ከገባ ነገሩ የሽንዲ ነው።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን ዓርብ ዕለት ግን እግሬ ወሰደኝ። ሴትዮዋ ደጅ ላይ ተቀበሉኝ። እጃቸውን ወደ ኋላ ደብቀዋል።

"አትየኝ! ይቺ እጄ ትሰበር!" አሉ።

"ምነው እትዬ? ምን ሆኑ?"

"የደከምክበትን አጠፋሁት። ጥላሸት ሲይዝ፣ ዝንብ ሲይዝ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ሠርግ ቤት አይገባም አልኩና በእንዶድ አጠብኩት። ለብ ባለ ውሃ። ይሄ ክፉ አመሌ! የቆሸሸ ነገር አይቼ ዝም አልል።"

ገባሁ። ሳጥኑ ምድጃው አጠገብ ነበር። የሚያጣብቀው ነገር ለቋል፤ ሲለቅ ቀለሙን ይዞ ነው የለቀቀው። ጊዮርጊስ ከወገቡ በላይ አለ። ፈረሱ እግር የለውም። ሕፃኗ የነበረችበት ቦታ ባዶ እንጨት ነው፤ የቀረ የነጠላዋ ጥለት ብቻ።

ልጅቱ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ከእናቷ ጋር አትነጋገርም። የተናገረችው ለኔ ነው።

"አባቴን በእንዶድ አጠበችው፣" አለች።

እናትየዋ አንገታቸውን ደፉ።

አፌን ከፍቼ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኑግ ቀላቅዬበት ነው፣ ለማዳን ሲሉ ነው ያጠቡት ልል። ከዚያ ሴትዮዋ ቀደሙኝ። "አንተ ምን ታደርግ! ሳይደርቅ አትንኩት ብለኸኝ አልነበር?" አሉ።

ብዬ ነበር። ቃል በቃል ብዬ ነበር።

"አይዞዎት እትዬ፣" አልኩ። "ሳያውቁ ነው። እኔ አልተቀየምኩም።"

ይቅር አልኳቸው ማለት ነው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ። ብዙ ሰው ላይ ብዙ ነገር አድርጌአለሁ፤ ሚዛን ላይ ጣቴን አሳርፌአለሁ፣ ያረጀ በቅሎ ጥርሱን ሞርጄ ሸጫለሁ፤ እንደዚያ ዓርብ ግን ፊቴ የሚገባበት ጠፍቶኝ አያውቅም። ወንበር ሰጡኝ። ተቀመጥኩ። ጠላ ሰጡኝ። ጠጣሁ።

እሑድ ሳጥኑ ሲጫን አየሁ። ሥዕል ያለበትን ፊት ወደ በቅሎዋ ጎን አዙረው ነው የጫኑት። ያዞረችው ልጅቱ ራሷ ናት። እናቷን ስትሰናበት ጉልበት ሳመች፣ ቀና ብላ ግን ፊታቸውን አላየችም።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ባገኙኝ ቁጥር ያንኑ ያነሱ ነበር። ለጎረቤት ሁሉ "እሱ እንደ መስታወት አድርጎልኝ፣ እኔ ነኝ ባለጌ እጅ ያለኝ" ይላሉ። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ቅል ማር አምጥተው "ለባከነ ድካምህ" አሉኝ። የለም፣ አልወስድም አልኩ። ከለመኑኝ በኋላ ወሰድኩት። ማሩ ንጹሕ ነበር።

ልጅቱ ከሽንዲ እየመጣች አትጠይቃቸውም ነበር። መንገዱ ክፉ ነው ይሉ ነበር እሳቸው፤ ጦርነት ነው፣ ልጅ ወልዳለች፣ ሥራ በዝቶባታል። ለኔ ሲነግሩኝ ዓይኔን ያዩኝ ነበር፤ አዎ መንገዱ ክፉ ነው እንድላቸው። ከቡሬ ወዲህ ባለው መንገድ በየሳምንቱ የምመላለስ እኔ ነኝ። አዎ፣ ክፉ ነው አልኳቸው።

ጣሊያን በወጣ በክረምቱ ሞቱ።

ከተዝካራቸው በኋላ ሽንዲ ሄድኩ። ጭነት አልያዝኩም፤ ለልጅቱ ልነግራት ብዬ ብቻ ነው የሄድኩት። መንገዱን ሁሉ ቃል ስመርጥ ዋልኩ። ቤቷ ስደርስ ልጅ አዝላ ወጣች፤ ነጠላዋን አንጥፋ አስቀመጠችኝ፣ እግርዎን ልጠብዎ አለች። ሳጥኑ ጥግ ላይ አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች።

እንዴት እንደምጀምር ሳስብ እሷ ሳጥኑን ሳይ አየችኝ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣" አለች። "እውነቱን ይንገሩኝ። እማ ባታጥበው ኖሮ እስከ ዛሬ ይቆይ ነበር?"

የመጣሁበት ነገር በራሱ እግር መጥቶ ፊቴ ቆመ። አይቆይም ነበር ማለት ብቻ ነው። ሁለት ቃል ነው።

"ይቆይ ነበር፣" አልኳት።

"እኔም እንዲያ ነው የማስበው፣" አለች። "እርስዎስ የሚችሉትን አድርገዋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ምሳ በልቼ ወጣሁ።

እናትየዋ ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ሞቱ። ልጃቸው ይቅር አላለቻቸውም። እኔ ተመስግኛለሁ።