አንድ ታካሚ፣ አስራ አንድ ፎርም

መብርሂት ሃይላይ ፕሮግራመር ከመሆኗ በፊት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ ካርድ ማውጣት፣ ካርድ መመለስ፣ የጠፋ ካርድ መፈለግ ነው። አንዱ «ፀሐይ»ን በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ ሲጽፈው የአንድ ሰው ካርድ ሁለት ቦታ እንደሚቀመጥ የተማረችው እዚያ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላት የቅዳሜና እሁድ ኮርስ ገብታ ፕሮግራሚንግ ተማረች። አሁን አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካለው የቤተሰቧ ቤት ተነስታ ባምቢስ አካባቢ ወዳለው መሥሪያ ቤቷ በእግሯ ትሄዳለች።

መሥሪያ ቤቱ ለክሊኒኮች ፕሮግራም ይሠራል። ምዝገባው ለብቻው አንድ ፕሮግራም አለው፤ ላቦራቶሪውም መድኃኒት ቤቱም እንደዚሁ። ፕሮግራሞቹ መረጃ የሚለዋወጡት ኤፒአይ በሚባል በር በኩል ነው። በዚያ በር የሚያልፈው መረጃ ምን ምን መያዝ እንዳለበት፣ እያንዳንዱም በምን መልክ መጻፍ እንዳለበት የሚወስነውን ስኪማ ይሉታል። መብርሂት ለአዲስ ሠራተኞች ስታስረዳ «በቃ፣ ፎርም በሉት» ትላለች።

ጥር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወሎ ሰፈር ካለ ክሊኒክ የመድኃኒት ባለሙያዋ ቅድስት ደወለችላት።

«መብሪ፣ ኮምፒውተሩ ይቺን ልጅ አስራ ሁለት ዓመቷ ነው ይለኛል።»

«እና?»

«እናቷ ጀርባ ላይ ናት እኮ! የመድኃኒቱንም መጠን ያወጣው ለአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ቀና ብዬ ባላያት ኖሮ…»

መብርሂት ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት አልፈጀባትም። ልጅቷ በእኛ አቆጣጠር የ2014 ልጅ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። መዝጋቢዋም ያንኑ ጽፋለች። የመድኃኒት ቤቱ ፕሮግራም ግን ቁጥሩን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦ በልጅቷ ዕድሜ ላይ ስምንት ዓመት ጨመረበት። የሁለቱም ፎርም «የትውልድ ዓመት» ይላል፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግን አንዱም አይናገርም። መጠን የሚያሰላው ክፍል ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። በሁለቱ ቀናት የተሰጠውን መድኃኒት በሙሉ አንድ በአንድ አጣሩ፤ ደግነቱ የተጎዳ ሰው አልተገኘም።

የቡድኑ ኃላፊ አሉላ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነው። ፈጣን ነው፣ ክፉም አይደለም፤ ግን ሁልጊዜ ይቸኩላል።

«መድኃኒት ቤቱ ጋ አንድ መስመር ኮድ ጨምሪና ዓመቱን ይቀይረው። አለቀ» አላት።

መስመሯን ያኔውኑ ጨመረች። ነገሩ ግን ከአእምሮዋ አልወጣም። በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱን ኮድ ሁሉ አገላብጣ የታካሚ ፎርም ስንት ቦታ እንደተጻፈ ቆጠረች። አስራ አንድ ቦታ ነው። እያንዳንዱ ሰው ከጓደኛው ይገለብጥና እንደመሰለው ያስተካክለዋል። አንዱ ጋ የአያት ስም የለም፤ ሌላው ጋ የአባት ስም «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ገብቷል፤ ስልክ ቁጥርን በዜሮ የሚጀምርም፣ በአገር ኮድ የሚጀምርም አለ።

«አሉላ፣ አንድ ፎርም ይበቃናል» አለችው። «አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ሁሉም ከዚያ ይውሰድ። መገልበጥ ይቅር።»

«ማለቴ፣ ሐሳቡ አሪፍ ነው። ጊዜው ግን ከየት ይመጣል? ሁለት ክሊኒክ ሊገባልን ነው እኮ።»

«ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ስጠኝ። ቢሮ የሚገባው ሰው በሦስት ሰዓት ነው፤ ከማንም ሥራ አልወስድም።»

አሉላ ትከሻውን ነቅንቆ ተስማማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብርሂት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ ትገባለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንዱን ፎርም አዘጋጅታ ምዝገባውንና ላቦራቶሪውን እንዲጠቀሙበት አደረገች። የአቆጣጠሩ ነገር እንዳይደገም ደግሞ የትውልድ ቀን ከነአቆጣጠሩ ካልተሞላ ፎርሙ እንዳይቀበል ቆለፈችው።

ስህተቷም እዚያ ላይ ነበር። አንድ ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከዚያው ከወሎ ሰፈሩ ክሊኒክ ድንገተኛ ክፍል ሲስተር ሸዋአየሁ ደወሉ። ሠላሳ ዓመት የነርስነት ልምድ ያላቸው ሴት ናቸው።

«ፎርሙን የቀየርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ሲስተር፣ እኔ ነኝ።»

«መኪና የገጨው ሰው ፊቴ ተኝቷል። ራሱን አያውቅም፤ መታወቂያም የለው። ኮምፒውተርሽ የትውልድ ቀኑን ካልነገራችሁኝ አልመዘግብም ይላል። ላቦራቶሪው ደግሞ ያልተመዘገበ ሰው ደም አልቀበልም አለ። ምን ላድርግ?»

«በወረቀት ይላኩት ሲስተር፤ ላቦራቶሪውን አሁኑኑ እኔ አናግራለሁ።»

ደሙ በወረቀት ተላከ። ሰውየውም ተረፈ። ሃያ ደቂቃ ግን ባክኗል። መብርሂትን ያንገበገባት ሌላ ነገር ነው፦ ካርድ ክፍል ሳለች «ስሙ ያልታወቀ» የሚል ካርድ በገዛ እጇ ስንት ጊዜ ጽፋለች። እያወቀች ረሳችው።

«ወደ ድሮው እንመልሰው» አለ አሉላ፣ ፊቱ ጠቁሮ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ መቆለፍ አልነበረብኝም» አለች። «ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ ስህተቱ አንድ ቦታ ስለነበር ቁልፉን በአንድ ሰዓት አነሳሁት። ድሮ ቢሆን አስራ አንድ ቦታ ነበር የምፈልገው።»

አሉላም «ቀጥዪ» አላት። «ግን ክሊኒኮቹ ሳያውቁ ምንም ነገር አይቀየር።»

በማግስቱ ደብተር ይዛ ክሊኒኩ ሄደች፤ ድንገተኛ ክፍል ጥግ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠች። ሲስተር ሸዋአየሁ መጀመሪያ ዘጓት፣ በኋላ ግን ራሳቸው ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ሲስተር፣ ሰው ሲመጣ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚያውቁት ምንድን ነው?»

«ወንድ ወይ ሴት መሆኑን። ሕፃን ወይ አዋቂ መሆኑን። የገባበትን ሰዓት። ሌላው ይደርሳል፣ ልጄ።»

መብርሂት ያንን ይዛ ተመለሰች። ፎርሙን አሳጠረችው። መሠረቱ የካርድ ቁጥር፣ ፆታ፣ ግምታዊ ዕድሜና የመጣበት ሰዓት ብቻ ሆነ። ላቦራቶሪውም መድኃኒት ቤቱም የሚፈልጉትን በዚያ ላይ ይጨምራሉ፤ መሠረቱን ግን አይነኩም። ቀን በተጻፈበት ሁሉ የአቆጣጠሩ ዓይነት አብሮ ይጻፋል። አዲሱን «ሁለተኛ እትም» አለችው፤ ሁሉም እስኪሻገር የመጀመሪያውም እየሠራ ቆየ። ለውጥ ሲኖር ለክሊኒኮቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ይነገራቸዋል።

ከዚያ በኋላ የነበረው ልፋት ብቻ ነው። ቀጠሮ፣ ራጅ፣ የእናቶች ክትትል፣ አንድ በአንድ ተሻገሩ። የላቦራቶሪውን ፕሮግራም የያዘው የሥራ ባልደረባዋ ጎይቶም በሐሙሱ ነገር ተበሳጭቶ ወደ ድሮ ፎርሙ ተመልሶ ነበር፤ «የኔን አትንኪ» ብሎ አንድ ወር ሙሉ እምቢ አላት። አልተጨቃጨቀችውም። በስም አጻጻፍ ምክንያት ውጤታቸው ባለቤት ያጣ አርባ ናሙናዎችን ዝርዝር አትማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። በሦስተኛው ቀን ጎይቶም ወንበሩን ገፋ አድርጎ «ነይ፣ አብረን እንየው» አለ።

ሰኔ ላይ አስራ አንደኛው ቅጂ ተሰረዘ። በዚያው ሳምንት የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ሥራ መጣ። ቀድሞ የታካሚውን ፎርም ብቻ ለማዘጋጀት ሁለት ሳምንት ይወስድባቸው ነበር፤ አሁን ረፋድ ላይ ተጀምሮ ከምሳ በፊት አለቀ። አሉላ አላመነም፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አየው።

መብርሂት ግን ፊቷን ወደ ሌላ ፋይል አዙራለች። የመድኃኒት ፎርም ሰባት ቅጂ እንዳለው ጠዋት ቆጥራለች።

«ደግሞ ልትጀምሪ ነው?» አላት አሉላ።

«ጀምሬያለሁ» አለችው።