ያልደረቀው አትሮኖስ

ልጅ ሳለሁ እቤታችን ተረት የሚነገረው አባቴ እንጨት ጎማላካ በሚቀቡበት ምሽት ብቻ ነበር። አባቴ አናጢ ነበሩ፤ የሚሠሩት ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነው። ቅርፊት የመሰለውን ጎማላካ በስፒሪት አሟሙተው፣ ጥጥ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ወንበሩን ወይም ሣጥኑን እያሻሹ አንድ እጅ ይቀቡታል። ከዚያ ፋኖሱን ራቅ አድርገው ይሰቅሉና «በሉ ቁጭ በሉ» ይሉናል። አንድ እጅ፣ አንድ ተረት ነው ሕጉ። ተረቱ ሳያልቅ እንጨቱን የነካ ልጅ ወዮለት! ያኔ ሰዓት የሚባል ነገር አናውቅም፤ የተረቱ ጅብ አፍሮ ዱር ሲገባ ቀለሙም ደርቋል ማለት ነው። ግን እሳቸው ተረቱ ካለቀም በኋላ አፍንጫቸውን አስጠግተው «ከሸተተ ገና ነው» ይሉና ሌላ ይጨምሩልን ነበር። ዛሬ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ እጄን በአልኮል ባሻሸሁ ቁጥር ያቺ ዳስ፣ እደጅ አመድ የለበሰው ፍም፣ የአባቴ ድምፅ ይመጣብኛል።

አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ከገባን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አባቴ ቪዛ ካገኙ በእጃቸው የሠሩትን አትሮኖስ ለቤተ ክርስቲያናችን አስገባለሁ ብዬ ለእመቤታችን ተሳልኩ። ሰማችኝ። በኅዳር መጡ፤ ጋራዣችን ውስጥ ካፖርት ደርበው ሲጠርቡና ሲልጉ ከርመው አትሮኖሱ ሲያልቅ ለአስተርእዮ ማርያም ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር።

«ጎማላካ ይገኛል እዚህ?» አሉኝ።

«ይገኛል አባባ። ግን ጧፍ ይንጠባጠብበታል፣ ጠበል ይረጭበታል፤ ጎማላካ ውኃ ሲነካው ይነጣል። ፖሊዩሪቴን የሚሉት አለ፤ የምግብ ጠረጴዛ የሚቀቡት።»

«እንግዲህ አገሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ሻጩ ሁለት ዓይነት አሳየኝ። በውኃ የሚሠራው ቶሎ ይደርቃል፣ መልኩም አይለወጥም፤ የዘይቱ ማር ይመስላል፣ ይበልጥ ይጠነክራል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ በብርድ ደግሞ ይብሳል አለኝ። ለእመቤታችን ጠንካራውን ነው እንጂ ብዬ የዘይቱን ገዛሁ። ሦስት ቀን ብቻ እንደቀረኝ ልብ አላልኩም።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ የመጀመሪያውን እጅ ቀቡት። ከሰዓት በኋላ ለሥራ ለብሼ ጋራዡ ስገባ የስምንት ዓመቷ ልጄ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ ትሰማቸዋለች።

«አንዲት ዋንዛ ነበረች፤ ወፍ ሁሉ ጎጆ ልሥራብሽ ሲላት እምቢ እያለች ብቻዋን አረጀች» ይሏታል ቀስ ብለው፣ አማርኛው እንዲገባት። «አንድ ቀን አንዲት ክንፏ የተሰበረ ወፍ መጣችና ምን አለቻት መሰለሽ…»

ያን ተረት እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ግን ማሞቂያውን ጠዋት ለኩሼው ስለሄድኩ ደርቆ ይሆናል ብዬ እንጨቱን በጣቴ ነካሁት፤ አልያዘኝም።

«አባባ፣ ደርቋል፤ ይድገሙት።»

ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «ገና ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እዚህ አገር የማይሸት ነገር የለም አባባ! አገር ቤት መሰለዎት እንዴ?»

«ዌይት ማሚ! ስቶሪው አላለቀም!» አለች ልጄ።

«በኋላ ይጨርሱልሻል» አልኳትና ብሩሹን እኔው አንሥቼ ሁለተኛውን እጅ ደረብኩበት።

ለካ የደረቀው ላዩ ብቻ ኖሯል። ማታ ስመለስ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ጠበቀኝ። የቀረው ቀን ሲያልቅ ያው እንደተጨማደደ በሻሽ ሸፍነን ወሰድነው። ቄሱ ዳዊቱን ዘርግተውበት ጸለዩ፤ ሊያነሡት ሲሉ ግን መጽሐፉ እንደ ቁስል ፕላስተር እየተላጠ ተላቀቀ። የዳዊቱ ሽፋን ጨርቅ ምልክት አትሮኖሱ ላይ ታትሞ ቀረ። ሰው ሁሉ ያያል። አፌን ልከፍት ስል አባቴ ቀደሙኝ።

«የኔ ጥፋት ነው አባቴ። የዚህን አገር ብርድ አላወቅኩትም» ብለው የቄሱን መስቀል ተሳለሙ። ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ሲቀቡ የኖሩ ሰው! እኔም ዝም አልኩ።

ለእርማት ብለን አትሮኖሱን ወደ ቤት መለስነው። ስለ ነገሩ አንድ ቀንም አላነሡብኝም፤ እኔም አፍሬ ተረቱን ይጨርሱላት አላልኩም። ከፋሲካ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በስልክ እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ፣ ዛሬ ድርብ ሥራ፣ ነገ ደክሞኝ፣ ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ።

ከተዝካራቸው በኋላ አትሮኖሱን በብርጭቆ ወረቀት እስከ እንጨቱ ድረስ ፈገፈግኩት። በበጋ፣ ያንኑ ዘይቱን፣ ስስ ስስ አድርጌ፣ እያሸተትኩ ሦስት እጅ ቀባሁት። አሁን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጠበል ቢረጩበት እንደ ጤዛ ድብልብል ብሎ ይወርዳል። ስለቴን አድርሻለሁ፤ እመቤታችንም ይቅር እንዳለችኝ አምናለሁ።

ግን ያን በጋ፣ የመጨረሻውን እጅ ቀብቼ ስጠብቅ፣ ልጄ ያንኑ ባልዲ ደፍታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ማሚ፣ ወፏ ምን አለቻት?»

«አላውቅም የኔ እናት» አልኳት።

መጨረሻውን ከራሴ ፈጥሬ ልነግራት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ሁለታችንም ሽታው እስኪጠፋ ጠበቅን። ተረት ሳይኖር ቀለም እስኪደርቅ ጊዜው እንዴት እንደሚረዝም ያን ቀን አወቅሁ።