የተቀበሩት ደረጃዎች

ረቡዕ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። በድሮው የጥጥ መዳመጫ ግቢ ውስጥ፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አለቃዬ ከአዲስ አበባ የመጣውን የአፈሩን የላብራቶሪ ውጤት ግቢውን ሊካፈሉ ለተሰበሰቡት ሴቶች አነበበላቸው። እኔ ከኋላው ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

"መሬቱ ንጹሕ ነው" አለና ወረቀቱን አጠፈው። "ነገ ጠዋት ዕጣችሁን አውጡ።"

ሴቶቹ እልል አሉ። ከሃያ በላይ ይሆናሉ። ባል የሞተባቸው አሉ፤ ከቀያቸው ተፈናቅለው እዚሁ የቀሩ አሉ፤ አብዛኞቹ የሰው መሬት የእኩል እያረሱ የሚኖሩ ናቸው። ወላጆቼ ካለፉ በኋላ ካሳደገችኝ አክስቴ በላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ እልል ያለች አልነበረችም። በሰው መሬት ላይ ሽንኩርት ስትተክል ነው ያደግኩት። ደህና ምርት ባገኘች በዓመቱ ባለመሬቱ መሬቱን ይወስድባታል። አሁን ማንም የማይወስድባት ቁራሽ መሬት ልታገኝ ነው።

የእኔ ሥራ ደግሞ ይህን መሬት መመርመር ነበር። መዳመጫው ከተዘጋ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ነገር ግን በሥራ ዘመኑ ለጥጥ እርሻው የሚረጨው የተባይ መድኃኒት የሚቀመጠው በዚሁ ግቢ መጋዘን ውስጥ ነበር። መሬቱ ለእርሻ ከመሰጠቱ በፊት መርዝ አለመቅረቱን አንድ ሰው ማረጋገጥ ነበረበት። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ በመሰርሰሪያ እየቆፈርኩ፣ ከየቦታው አፈር በላስቲክ እየቋጠርኩ፣ ቁጥር እየጻፍኩበት ሰነበትኩ። ሴቶቹ ለእንጨት ሲያልፉ ያዩኝና ይስቁብኝ ነበር።

"ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳ አፈር መቋጠር ተምራ መጣች።"

"ተያት። አፍ ባይኖራት እጅ አላት።"

እውነታቸውን ነው፤ ሰው ማናገር ይከብደኛል። ለዚህም ይመስለኛል ዕጣ ጣይ እንድሆን የመረጡኝ። በእኛ ዘንድ ለመሬት ዕጣ ወረቀት አይጻፍም። እያንዳንዱ ሰው አንድ ዕቃ ይሰጣል፤ ጨሌ፣ ስባሪ ማበጠሪያ፣ የጎበጠ ምስማር፣ ያገኘውን። ከዚያ የማን ዕቃ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየቁራሹ መሬት ላይ አንድ አንድ ይጥላል። ዕቃህ ከወደቀበት ላይ አላህ ሰጠህ ማለት ነው። ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሬ ቆምኩ፤ እነሱ ዕቃቸውን ሰብስበው በሻሼ ጫፍ ቋጠሩልኝ። እስከ ነገ ጠዋት አደራ ነው ተባልኩ።

ከሰዓት በኋላ ችካል ልተክል ተመለስኩ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሽማግሌው ዘበኛ ብቻ ናቸው። ደመወዝ ከቀረባቸው ዘመናት አልፈዋል፤ ጣሪያው በጦርነቱ ጊዜ ተነቅሎ የሄደውን መጋዘን ዛሬም ከበሩ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁታል። ያን ሳምንት በየቀኑ "አሰላሙ አለይኩም" ብያቸው አልፌያለሁ። በየቀኑ መልሰውልኛል። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልተለዋወጥንም።

"ችካሉ ለምንድን ነው፣ ልጄ?"

"ነገ ዕጣ ነው አባባ። መሬቱ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።"

"የቱ መሬት?"

እግሬ ሥር ያለውን አሳየኋቸው። አፈሩን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

"ይሄማ የመዳመጫው አይደለም። ይሄ የተራራው ነው።" ከዘራቸውን ወደ መጋዘኑ በር ዘረጉ። "እዚህ በር የምንገባው ሦስት ደረጃ ወጥተን ነበር። ከነኩንታሌ ስወጣው ኖሬያለሁ፣ ጉልበቴ ቁጥሩን አይረሳም።"

በሩን አየሁት። መድረኩ ከአፈሩ ጋር እኩል ነው። አንድም ደረጃ የለም።

ይህን ስህተት የደጋ ልጅ ብትሠራው ይቅር ይባላል። እኔ ግን የሜዳው፣ የሮቢት ልጅ ነኝ። በክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ አርሶ አደሩ ወደ ማሳው ሲመልሰው፣ ውሃው ሲሸሽ ለስላሳ አፈር አንጥፎ ሲሄድ እያየሁ ነው ያደግኩት። ጎርፍ የጠጣ መሬት ይመረቃል እንጂ አይጠረጠርም። በልጅነቴ ተንጠላጥዬ የምወጣበት የአያቴ የድንጋይ አጥር፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አፈሩ ውጦት ከጉልበቴ በታች ሆኖ ነበር። የመዳመጫው አጥር ሲፈርስ ጎረቤቶቹ ጎርፉን በዚህም በኩል እየመለሱ ለከብቶቻቸው ሣር አብቅለውበታል። እኔ የቆፈርኩት ሁለት ስንዝር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ድረስ የላክሁት የተራራውን አፈር ነበር።

"ከሥር ምን አለ አባባ?"

"መዳመጫው ሊዘጋ ሲል የተረፈውን ቅበሩት ተባልን። ጆንያውን፣ በርሜሉን፣ ሁሉንም። አራት ሆነን ቆፈርን። አሁን የቀረሁት እኔ ነኝ። ሁለቱ በእርጅና ሄዱ። አንዱ በምን እንደሞተ አላውቅም።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ቁጣ አልነበረበትም። እውነትም ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ደግሞ አውቀዋለሁ። የምሞላው ቅጽ ላይ 'በቦታው ላይ የሠሩ ሰዎች ምን ይላሉ?' የሚል አንድ መስመር አለ። እኔ እዚያ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ 'የቆየ ሰው አልተገኘም' ብዬ ጽፌያለሁ። ያን ስጽፍ እሳቸው ከእኔ አሥር እርምጃ ርቀው ተቀምጠው ነበር። ቀርቤ ከማላውቃቸው ሰው ጋር ወሬ መጀመር ስላፈርኩ ብቻ።

ከመጋዘኑ በስተምሥራቅ አንድ ቦታ በከዘራቸው ነኩልኝ። ጓንቴን አድርጌ፣ አፌን ሸፍኜ መሰርሰሪያውን ተከልኩት። መጀመሪያ የወጣው ያው ለስላሳው ነው፤ ስስ ስስ ንብርብር፣ ክረምት በክረምት ላይ። ከሦስት ስንዝር በታች መሰርሰሪያው አንድ ነገር ያዘው። ጎትቼ ሳወጣው ጥርሱ ላይ የጆንያ ክር ተጠምጥሟል፤ በአፈሩ ውስጥ እንደ ጨው የነጡ እንክብሎች ይታያሉ። ሽታው ከዚያ በኋላ መጣ፤ በጨርቁ በኩል አልፎ።

አውቀዋለሁ። የቤታችን ሽታ ነው።

አባቴ እዚህ መዳመጫ ውስጥ ጥጥ ይጭን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ዱቄት በጣሳ ይዞ ይመጣል። እናቴ መደቡ ላይ፣ ፍራሹ ሥር፣ ለቁንጫና ለትኋን በእጇ ትነሰንሰው ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። እኔና ታናሽ እህቴ እዚያ ፍራሽ ላይ ነበር የምንተኛው። የውሃ በርሜላችንም ከዚሁ ግቢ የመጣ ነው፤ ሰማያዊ፣ ሦስት ጊዜ በአመድ የታጠበ። እህቴ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሞተች። ለምን እንደሞተች አላውቅም። የማያውቁትን 'አላውቅም' ብሎ መጻፍ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ነገር ነው፤ ስለዚህ አሁንም እንደዚያው እጽፋለሁ። ነገር ግን ያን ቀን እጄ መሰርሰሪያው ላይ እንዳለ፣ ከጎኔ ተኝታ ስትተነፍስ ሰማኋት ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ሽማግሌው ቀዳዳውን በአካፋ ደፈኑት። "ቢስሚላህ" አሉ፣ ሰው እንደሚቀብር። "ሂጂ ታጠቢ፣ ልጄ።"

ውሃው እስኪያልቅ ታጠብኩ። ሻሼ ላይ ግን ያ ሽታ የቀረ መሰለኝ፤ ቋጠሮው ውስጥ፣ ከሴቶቹ ዕቃ ጋር።

አክስቴ ከመግሪብ ሶላት ስትነሳ በሩ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። ደስታዋ ከፊቷ አልወረደም። ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"የእኔ ቁልፉ ነው። ጥቁሩ፣ ከድሮ ኮቴ የነቀልኩት። ከቦዩ አጠገብ ብትጥይልኝ ማን ያያል?"

"አክስቴ፣ አደራ እኮ ነው።"

"እየቀለድኩ ነው እቴ። ላንቺ መቼም ቀልድ አይገባሽም።" ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ "የወደቀበት ይውደቅ" አለች። "የእኔ ይባል እንጂ ድንጋይ ላይ ቢወድቅም ድንጋዩን እለቅማለሁ። ኢንሻአላህ ለመጀመሪያው ሽንኩርት አንቺን ነው የምጠራው።"

መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ "ኢንሻአላህ" አልኩና ዘጋሁት። ለሽማግሌው ያልተናገረው አፌ ለእሷም አልተናገረም። ከራት በኋላ ያንኑ የልጅነቴን መደብ እንደ ሕፃን በእጄ ዳበስኩት፤ በሲሚንቶ ከተለሰነ ቆይቷል፤ እኔ ግን ጣቴ ላይ ዱቄት እፈልግ ነበር። ማንም ሳያውቅ ዕጣውን ብጥለው ሽንኩርቱ ይበቅላል፤ ምናልባት ለዓመታት። ሥሩ ሦስት ስንዝር አይወርድም። ግን አንድ ክረምት ጎርፉ አፈሩን እንዳመጣው ይዞት ቢሄድስ? አንዷ ሴት ለሽንት ቤት ብላ ብትቆፍርስ? ይህን ሳስብ የማያት እነሱን ሳይሆን ታናሽ እህቴን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለአለቃዬ ደወልኩና የላክሁት አፈር የተሳሳተ መሆኑን ነገርኩት። "አሁን ነው እንዴ የሚነገረው?" አለኝ። "አሁን ነው ያወቅኩት" አልኩት። ባጃጅ ይዤ ግቢው ስደርስ ሴቶቹ ቀድመውኝ ነበር፤ አንዳንዶቹ ዶማ ይዘዋል። ሽማግሌውን ሄጄ አጠገቤ እንዲቆሙልኝ ለመንኳቸው። ቆሙልኝ።

"ከዚህ በታች መርዝ ተቀብሯል" አልኩ። ድምጼ ስላነሰ ኋላ ያሉት "ምን አለች?" ተባባሉ። ደገምኩት። "እኚህን ሰው ሳልጠይቅ፣ የቆየ ሰው አልተገኘም ብዬ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። መርዙ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ታሽጎ ካልተወሰደ እዚህ አይታረስም። በወዲያኛው አጥር በኩል ያለው ምናልባት ደህና ይሆናል፤ ከሥሩ ሳይታይ ግን ደህና ነው አልልም።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አለች አንዷ።

"አላውቅም።"

"አፍ አወጣች ስንል ለዚህ ነው ያወጣችው" አለች ሌላዋ። ማንም አልሳቀም።

ሻሼን ፈታሁ። ዕቃውን በመዳፌ ይዤ በሴቶቹ መካከል ዞርኩ፤ እያንዳንዷ የራሷን አነሳች። ጨሌው ሄደ፤ ምስማሩ ሄደ፤ ማበጠሪያው ሄደ። አክስቴ ጋ ስደርስ ቁልፉን አየችው፤ አላነሳችውም። ቀና ብላም አላየችኝም። ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ አስፋልቱ ሄደች፤ ቁልፉ እጄ ላይ ቀረ።

ሌሎቹም ከሄዱ በኋላ መጋዘኑ በር ላይ፣ ከተቀበሩት ደረጃዎች በላይ፣ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጥኩ። ቅጹን አውጥቼ ያን መስመር ሰረዝኩት።

"አባባ" አልኩ፣ "ጉድጓዱ ከየት ጀምሮ የት ድረስ ነበር?"