የእህቴ ዓይን በአረንጓዴ መብራት

ታላቅ እህቴና እኔ መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር አንድ ጠባብ የክርና የገበር ሱቅ አለን። ሱቁን እናታችን ለሁለታችን ነው የተወችልን፤ ዓይኗን ግን ለእህቴ ብቻ። ልብስ ሰፊዎች ቁራጭ ጨርቅ ይዘው ተመሳሳይ ክር ፍለጋ ሲመጡ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ «ታላቅሽ የለችም?» ይሉኛል። እኔስ ምንድን ነኝ? መደርደሪያ?

በእኛ ሥራ የሱቅ መብራት አይታመንም። አምፖል ስር አንድ የመሰሉ ክርና ጨርቅ ደጅ ሲወጡ ይጣላሉ። ስለዚህ እህቴ ሁለት ሦስት ጥቅል ታወርድና ፀሐይ ላይ ወጥታ፣ አንዴ አየት አድርጋ «ይሄ» ትላለች። በቃ። እኔም እንደ እሷ ፀሐይ ላይ ወጥቼ ነው የማየው፤ ብዙም አልሳሳትም። ግን እኔ የመረጥኩትን ክር ሰፊው ተቀብሎ፣ ዞር ብሎ ለእሷ ያሳያታል። «ይሁን?» ይላታል። ያን ጊዜ ቅናት ድብን ያደርገኛል።

እህቴ ስኳር አለባት። ሐኪሟ ዓይኗን እንድትታይ ስላዘዘ አንድ ጠዋት ይዣት ወደ ዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አገጯን አስደግፈው አዲስ መሣሪያ ፊት አስቀመጧት። አንዲት ወጣት ባለሙያ ቁልፍ ስትጫን ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች ተራ በተራ ብልጭ ይላሉ፤ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው፣ ቀዩ። በእያንዳንዱ መብራት የዓይኗ ውስጥ ለብቻው ፎቶ ይነሳል።

«ዓይን ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በአንድ ብርሃን አይታይም፤» አለችን ልጅቷ። «ቀዩ ጠልቆ ይገባል። ደም ደግሞ በአረንጓዴው ጠቁሮ ጎልቶ ይታያል። እንደውም መሣሪያው በሰው ዓይን የማይታይ ብርሃንም አለው።»

ይሄ ሁሉ ቀለም ለእሷ! ዕድሜ ልኬን ከቀለም ጋር የኖርኩ ሰው ጥግ ላይ ቦርሳ ይዤ ተቀምጫለሁ። አላስቻለኝም።

«እኔንስ አታነሺኝም?» አልኳት።

«እርስዎ ምን ሆነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?» ብላ ሳቀች። እህቴም አገጯ እንደተደገፈ ሳቀች። በሽታው እንኳ እሷን ነው የመረጠው።

ሐኪሙ መጥቶ ፎቶዎቹን በስክሪኑ ላይ ከፈታቸው። በቀዩ ብዙም የሚታይ ነገር የለም። አረንጓዴው ላይ ግን ጥቋቁር ነጥቦች ተበትነዋል። ትንንሾቹ የደም ሥሮች እያፈሰሱ መሆኑን፣ ሕክምናው እንዳይብስ ሊያደርገው እንደሚችል፣ የተጎዳው ሁሉ ግን ላይመለስ እንደሚችል ቀስ ብሎ ነገረን። ከዚያ ቀለም መለየት ያስቸግራት እንደሆነ ጠየቃት።

«እኔን?» አለች እህቴ። «መርካቶ ሄደው ይጠይቁ እንጂ!»

የአረንጓዴው ፎቶ እንዲታተምላት ጠየቀች። ወረቀቱ እጇ እንደገባ ተነሳች። «ነይ፣ ፀሐይ ላይ እንየው። በመብራት የታየ ነገር አይታመንም።» ሐኪሙ፣ ይሄ መብራት የሚደብቅ ሳይሆን የተደበቀውን የሚያወጣ መሆኑን ሊያስረዳት ሞከረ። ማን ሰምቶት። ክር መስሏት ነው መሰለኝ ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

ግቢው ውስጥ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ አየችው። አቀረበችው፣ አራቀችው። «አላልኩሽም? ንጹህ ነው። አንድም ነጥብ የለበትም።»

ነጥቦቹ ሁሉ እዚያው ነበሩ። እኔ አንድ በአንድ አየኋቸው።

ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ዕድሜ ልኬን የተመኘሁት ይሄንኑ ነበር፤ እሷ ሳታይ እኔ እንዳይ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁና የግቢው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። «አዎ፣ አያምርም እንዴ» አልኳት።

ሕክምናውን ጀመረች። ሱቁንም አላቋረጠችም። አንድ ቀን የድሮ ደንበኛችን የሆኑ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ውሃ ሰማያዊ ቁራጭ ይዘው መጡ። እንደ ልማዳቸው እኔን አልፈው ለእሷ ሰጧት። ሁለት ጥቅል አውርዳ ደጅ ወጣች። አንዱ ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ሌላው ለጋ አረንጓዴ።

እንደ ድሮው አንዴ አይታ «ይሄ» አላለችም። ጨርቁን ገለበጠችው። አንዱን ጥቅል አስጠጋች፣ መለሰች፣ ሌላውን አስጠጋች። ሽማግሌው ይጠብቃሉ። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። በሕይወቷ ስለ ቀለም እኔን ጠይቃ አታውቅም።

«ጋሼ፣ እሷ አይታያትም፤ ለእኔ ይስጡኝ» የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ እሷን የሚፈልግ ሰው አይኖርም። ሁሉም «አንቺ እዪልን» ይሉኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ደጅ የተሰቀለውን ዚፕ የማስተካክል መስዬ ወጣሁና ውሃ ሰማያዊውን የያዘውን ግራ እጇን በክርኔ ነካ አደረግኳት።

«ይሄ፣» አለች እህቴ፣ በግራ እጇ የያዘችውን ጥቅል እያነሳች።

ሽማግሌው ክሩን ጨርቁ ላይ አጋድመው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄን ዓይንሽን አላህ ይጠብቅልን!» አሏት። ወደ እኔም ዞረው፣ «አንቺም ዝም ብለሽ ከምትቆሚ ከእሷ ተማሪ እንጂ» አሉኝ።

እንደ ድሮው ድብን አልኩ። ግን ከእሷ ቀድሜ «አሜን» ያልኩት እኔ ነበርኩ።