ባለ ፌስታሉ ሽማግሌ

ሰፈራችንን ሰው «ጩቤ ሰፈር» ይለዋል። ከሚሴ ከከብት ገበያው ጀርባ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ ወረድ ሲሉ ያለው ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ መግቢያው ላይ ለአረፋ የአገሩን ቢላ ሁሉ የሚስሉ አንድ አዛውንት ነበሩ። በቃ፣ ሌላ ጩቤ የለም። ሰውየው ካረፉ ቆዩ፣ ሞረዳቸውም የት እንደገባ እንጃ፣ ስሙ ግን ቀረልን። ባጃጁ ሁሉ አስፋልት ላይ አራግፎን ይዞራል። ቤት ፈላጊ ሠራተኛ «ሰፈሩ የት ነው?» ይልና ስንነግረው ስልክ ይደወልለታል። ያልጮኸ ስልክ አንስቶ «ሃሎ» ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። «ኦሮሞዎቹ ቁጡ ናቸው፤ ጩቤ ከወገባቸው አይለይም» እያለ እንግዳ የሚያስተምርም አለ። የእኔ ባል ኦሮሞ ነው፤ ዶሮ ለማረድ እንኳ ጎረቤት ይጠራል።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። የተማረ ሰው ሲንቀኝ ድሮ አለቅስ ነበር፤ አሁን እጽፈዋለሁ።

ያን ክረምት ልጄን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሆነ። ልጁ የደሴ ልጅ ነው፤ ከእሷ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል። እንደምትወደው ከአረማመዷ አውቄዋለሁ። አጎቱ ቀን ለመቁረጥ ደወለና «ሰፈራችሁ የት ነው?» ሲለኝ «ከአስፋልቱ ጀርባ» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ ከሚሴ ውስጥ ከአስፋልቱ ጀርባ ያልሆነ ምን አለ? ግን አፍሬ ነው ያልኩት። እሱ ሳያንሰኝ አስፋልት ዳር ያለውን የእህቴን ቤት ለአንድ ቀን ልዋስ አሰብኩ። ጎረቤታችንን አሮጊቷን ባማክራቸው፣

«ልጅቷንስ የወለድሻት ከእህትሽ ቤት ነው?» አሉኝ።

ተመልሼ የራሴን ቤት መጥረግ ጀመርኩ።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ። ሌሊቱን ዘንቦ የዋልካው ጭቃ እግር ይውጣል። ባለቤቴ አስፋልት ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። አጎትየው አስፋልት ላይ ያቆሙትን መኪና አራት ጊዜ ዞሮ እያየ ነው የመጣው። አሮጊቷ ከበር ቆመው «ኮታ፣ ሴና!» አሉ፤ ኑ፣ ግቡ ማለታቸው ነው።

«አማርኛ አይችሉም እንዴ?» አለ አጎትየው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ።

አንቱ ብዬ ልጽፈው ይገባ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሴትዮዋ እኮ በአማርኛም በኦሮምኛም ይኖራሉ፣ ባቲ ገበያ ሲወርዱ ደግሞ በአፋርኛ ይከራከራሉ። እሱ ያለችው አንዲት ቋንቋ ናት፤ እሷንም ለመናቂያ ያውላታል።

«ለእርስዎ የሚሆን አማርኛ አለኝ፣ ልጄ» አሉት።

በሰፈራችን አንድ ወግ አለ። እንግዳ ጫማውን ከደጅ አውልቆ ሲገባ፣ ጎረቤት ጫማውን አንስቶ ያጥበዋል፤ ወልውሎም አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙሮ ያስቀምጠዋል። በጭቃ የመጣ በጭቃ አይሸኝም። ለእንግዳው አስቀድሞ አይነገረውም፤ ከተነገረ አጅሩ፣ የአላህ ምንዳው፣ ይጎድላል ይባላል። የዚያን ቀን ተረኛዋ አሮጊቷ ነበሩ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጫማቸውን አወለቁ። አጎትየውም አወለቀ፤ ከዚያ ከኪሱ ጥቁር ፌስታል አወጣ። ከቤቱ አራት ቦታ አጥፎ ይዞት የመጣው ነው! ጫማውን ከተተ፣ ቋጠረ፣ ይዞ ገባ፣ እግሩ መሐል አስቀምጦ ተቀመጠ። እኔ የማደርገውን አጣሁ። ባለቤቴ ግን ያላየ መሰለ። እሱ እንዲህ ነው።

ነገሩን በወጉ ተናገሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ባለቤቴም በወጉ «ዘመድ እናማክር፤ በሳምንቱ መልስ እንሰጣለን» አለ። ዱዓ ተደረገ። ዱዓ ላይ ሁለት እጅ ይዘረጋል፤ አጎትየው አንዱን ለአላህ ዘርግቶ በሌላው ፌስታሉን ያዘ።

ሲወጡ ደጁ ላይ ጫማ የለም።

«አላልኳችሁም?» ብሎ ጮኸ። «አላልኳችሁም! የሰፈሩን ስም ሰምታችሁ ጫማ ታወልቃላችሁ!»

ፊቱ በደስታ በራ። ወላሂ፣ ሰው በሌላው መዘረፍ እንዲያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ተመልሶ ገባና ፌስታሉን ፈትቶ ጭቃውን ጫማ ምንጣፌ ላይ ቆሞ አጠለቀ። በዚያው ስልኩን አነሳ፤ ለወንድሙ ልጅ ነው። «አወለቁን! የሁለቱን ወሰዱት! የእኔማ ከእጄ አልወጣም!» ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ ሁሉንም ትሰማለች።

ይኼኔ አሮጊቷ ከጓሮ ብቅ አሉ። ሁለቱ ጥንድ ጫማ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ያበራል። በሌላው እጃቸው የሟች ባላቸውን ሸበጥ ይዘዋል። የሽማግሌዎቹን ጫማ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙረው አስቀመጡና ወደ አጎትየው ቀና አሉ።

«የእርስዎን ፈልጌ አጣሁት። በባዶ እግራቸው ነው የመጡት ብዬ አዝኜ ይቺን አመጣሁልዎ። አይፈሩ፣ የሟች ናት፤ ባለቤቷ መጥቶ አይጠይቅዎትም።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሻሹ ጫፍ አፈነው። ሌላው መሬት መሬት እያየ የአሮጊቷን እጅ ሳመ። አጎትየው ግን «ጥሩ፣ ጥሩ» ብሎ ጭቃውን እየጎተተ ሄደ። ተሳስቻለሁ ብሎ መልሶ ሲደውል አላየሁም። ለስድብ የነበረ ካርድ ለይቅርታ ያልቃል።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ምንጣፉን ደጅ አውጥታ ትፈትጋለች። «ተይው፣ እኔ አጥበዋለሁ» ብላት «ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች። ስልኳ ጮኸ። እጇ የሳሙና አረፋ ነበርና ድምፁን ከፍታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።

«ጫማው ተገኘ?» አለ ልጁ።

«አልጠፋም። ሊታጠብ ተወስዶ ነው።»

ሳቀ። «አጎቴን ፌስታል ያዝ ያልኩት እኮ እኔ ነኝ! ጥንቃቄ አይከፋም ብዬ ነው። አንቺ እንዳይከፋሽ፤ አንቺ እንደነሱ አይደለሽም።»

«እንደ ማን?»

«ያው… እንደ ሰፈሩ ሰው።»

«አብረን ብንኖር ቦርሳህን ትራስህ ሥር ነበር የምታደርገው?»

መልሱን አልጠበቀችም፤ በአረፋ ጣቷ ዘጋችው። እውነቱን ልናገር፤ እኔ ያን ጊዜም ልለምናት አፌን ከፍቼ ነበር። ደመወዝተኛ ነው፣ ቤተሰቡ የታወቀ ነው፣ ወጣትነት ነው ልላት። እናት መቼም አታፍርም። እሷ ግን ቀና ሳትል «እማ፣ ውሃ ጨምሪልኝ» አለች። ጨመርኩላት። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ አረፋው ነው አለችኝ፤ እሺ አልኳት።

በሳምንቱ ባለቤቴ ስልኩን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ሰው ማስቀየም ሞቱ ነው።

«ምን ልበላቸው፣ ልጄ?»

«ጫማችሁን አጥበን ሸኝተናል፤ ከዚያ በላይ የምንሰጣችሁ የለንም በላቸው።»

ቃሏን ሳያጎድል፣ ድምፁንም ሳያለሳልስ አላቸው።