ጋሽ ኣንደማርያምና የወርቅዬ ዳትሰን

በ1986 ኦክላንድ ውስጥ መኪናው የታመመበት ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ግቢ ነበር። ከቴሌግራፍ ጎዳና ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ፣ የሎሚ ዛፍ ካለበት ቤት ጀርባ። ማስታወቂያ የለውም፤ ስልክም የለውም። ቅዳሜ ጠዋት የሄደ ሰው ከአንድ መኪና ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ያያል። እግሮቹ የጋሽ ኣንደማርያም ናቸው።

ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። አስመራ ተወልደው ሥራውን እዚያው ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ተማሩ። ከዚያ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሃያ ስድስት ዓመት መኪና ሠሩ። በሱዳን በኩል አልፈው ኦክላንድ የደረሱት በ1982 ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ዳውንታውን ኦክላንድ በአንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ትኬት ይቆርጡ ነበር። ከሰዓቱና ቅዳሜ ግን የግቢው ነው።

ያ ዘመን ሰው በፖለቲካ የተኳረፈበት ነበር። አንዱ የሌላውን ሰርግ አይሄድም፤ ከሱቁም አይገዛም። እዚያ ግቢ ግን ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ተራ ይጠብቁ ነበር። አንዳንዴም ክሪክ ይቀባበላሉ።

አሠራራቸው የድሮ ነው። እጃቸውን ይታጠባሉ። የሾፌሩን በር ይከፍታሉ። የወለሉን ምንጣፍ አንስተው፣ አጥፈው፣ ጣሪያው ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው የሚቀመጡት። የጣሊያኑ ጋራዥ ሕግ ነበር፤ የደንበኛን ምንጣፍ በዘይት ጫማ የረገጠ ሠራተኛ በዚያው ቀን ይባረራል። ጣሊያኑ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። እሳቸው ሕጉን አልተዉም። ሰውም ይህን ይወድላቸው ነበር።

ወርቅዬ ግቢውን የረገጠችው በማርች የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሦስት ዓመት የሆቴል ክፍል ስታጸዳ ቆይታ ማውንቴን ቪው ውስጥ የኮምፒዩተር ዕቃ የሚገጣጥም ፋብሪካ ገብታለች። ሥራዋ ሰከንድ ሺፍት ነው፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ በሦስት ሰዓት ይጀምራል። የሙከራ ጊዜው ዘጠና ቀን ነው። በዘጠናው ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ የዘገየ ይሰናበታል። ወርቅዬ ሁለት ጊዜ ዘግይታለች፤ ሃያ ስድስት ቀን ይቀራታል። ሁለቱንም ጊዜ ያዘገያት የመኪናዋ ማርሽ ነው።

“ጋሼ፣ ከቤት ስነሳ ደህና ናት” አለች። “ፍሪዌዩንም ደህና ትሄዳለች። 237 የሚባለው መንገድ ላይ መብራት ያስቆመኛል። ግሪን ሲሆን አንደኛ ማርሽ አልገባም ትላለች። እታገላለሁ፣ እታገላለሁ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክሱን ያንባርቅብኛል።”

“ድምፅ አላት?”

“ግርርር ትላለች።”

“ሞተሩን ብታጠፊውስ?”

“ያኔማ ትገባለች። አንድ ቀን አጥፍቼ፣ አስገብቼ ሳስነሳት ዘላ ፊቴ ያለውን ልትገጭ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሜ ከዘገየሁ ፋየር ያደርጉኛል ጋሼ።”

ጋሽ ኣንደማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሞተር ሲጠፋ እየገባ፣ ሞተር ሲነሳ እምቢ የሚል ማርሽ የፍሪሲዮን ነገር ነው። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ሞተሩንና የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ በደንብ አላለያያቸውም ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ኮፈኑን መክፈት አላስፈለጋቸውም።

ዳትሰኗ ቢጫ ናት፤ የ1974 ሥሪት። ወርቅዬ በስሟ የገዛችው የመጀመሪያ ትልቅ ነገር ስለሆነች እንደ ሳሎን ነበር ያሰናዳቻት። ሆቴሉ ክፍሎቹን ሲያድስ የጣለውን ቡናማ ምንጣፍ ለምና ወስዳ፣ ለክታ፣ በመቀስ ቆርጣ ወለሉን አልብሳዋለች። ወፍራም ነው፤ ፀጉሩ ጣት ይውጣል፤ በየጠዋቱ አራግፋ ታነጥፈዋለች።

ጋሽ ኣንደማርያም ምንጣፉን በሁለት እጃቸው አነሱት። አጥፈው ጣሪያው ላይ አስቀመጡት። ገብተው ሞተር አስነሱ። አንደኛ ገባ። ሁለተኛ ገባ። የኋላ ማርሽም ገባ። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ በየመብራቱ ቆሙ። ማርሹ ቅቤ ነው።

“ምንም የላት” አሉ ሲመለሱ።

“እንዴት ምንም የላት? ውሸቴን ነው?”

ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ዘነበ የሚባል የታክሲ ሾፌር ነበር። አፉ አያርፍም።

“መኪናዋ ጋሼን ስታይ ታፍራለች” አለ።

“አንተ ዝም በል። ያንተዋ ማንንም አታፍርም” አሉት። ግቢው ሳቀ።

የፍሪሲዮኑን ዘይት ለውጠው ሰደዷት። ማክሰኞ 237 ላይ ቆመች። ወርቅዬ ከወትሮው ሰዓት ተኩል ቀድማ ከቤት መውጣት ጀምራ ስለነበር ለጥቂት ተረፈች። ረቡዕ ከሥራ በፊት አመጣቻት፤ ምንጣፉን አንስተው ነዷት፤ ምንም የላት። ዓርብም እንዲሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ካምቢዮውን አወረዱት። በመፋተግ የሚያልቀው የፍሪሲዮኑ ሸራ አዲስ ይመስላል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መልሰው ገጠሙት፤ ምንጣፉን አንስተው ነዷት፤ ምንም የላት። ሰኞ 237 ላይ ቆመች።

ሰው ማውራት ጀመረ። የጋሼ ጆሮ ደክሟል ተባለ። ፀበል ይረጭባት ያለም ነበር። ረቡዕ ለት ጋሽ ኣንደማርያም ብዙ ካመነቱ በኋላ ጠየቋት።

“ወርቅዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። እግርሽ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ይረግጠዋል?”

“አጭር ነሽ ነው የሚሉኝ?”

“እኔ አላልኩም።”

“ዘነበ ነው ያለዎት።”

“ዘነበ ስላንቺ እግር ምን ያውቃል?”

“ወለሉ ድረስ ነው የምረግጠው ጋሼ። ከዚያ ወዲያ ወለሉን ልብሳው?”

ያመኗት መሰሉ። ደሞ እውነቷን ነበር።

“ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ” አሉ። በአርባ ዓመት ሥራቸው ደንበኛ እየነዳ እሳቸው ጎን ተቀምጠው አያውቁም። ደንበኛ ቁልፉን ይሰጣል፤ መካኒክ ይነዳል። ወጉ እንዲያ ነበር።

ሐሙስ ዝናብ ነበር። ከኦክላንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ፤ ወርቅዬ ካሰበችው ዘግይተው። ጋሽ ኣንደማርያም ከፓርኪንጉ ቶሎ አልተለቀቁም። ሲገቡ እግራቸው ሥር ጋዜጣ አነጠፉ። ሄይዋርድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቷል። ትንሽ መሄድ፣ መቆም፤ ትንሽ መሄድ፣ መቆም። ወርቅዬ ፍሪሲዮኑን ስንት ጊዜ እንደረገጠችው እግዜር ይወቅ። የዝናብ መጥረጊያው ያለማቋረጥ ይመላለሳል።

237 ያኔ ሙሉ ፍሪዌይ አልነበረም። መብራቶች ነበሩበት። ግራና ቀኙ ገና እርሻ ነው፤ ሲዘንብ የእርጥብ አፈር ሽታ መኪና ውስጥ ይገባ ነበር። የመጀመሪያው መብራት ያዛቸው። ሰዓቱ ሁለት ከአርባ አንድ ይላል።

መብራቱ ለቀቀ። ወርቅዬ ረገጠች። ግርርር።

“ይኸው! ይኸው ጋሼ! ሰሙ?”

ከኋላ ክላክስ ተጀመረ። ጋሽ ኣንደማርያም ማርሹን አላዩም። እግሯን ነበር የሚያዩት። ፔዳሉ ወርዶ ወርዶ፣ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆሟል። ከሥሩ ወፍራሙ ምንጣፍ ተጠቅልሎ እንደ ትራስ ተወትፏል። ሄይዋርድ ላይ በረገጠች ቁጥር ተረከዟ ወደፊት ሲገፋው ነው የመጣው።

“እግርሽን አንሺ።”

“መብራቱ ሊይዘን ነው!”

“አንሺ ጓለይ!” ሲደነግጡ በትግርኛ “ልጄ” ይላሉ።

አነሳች። ጎንበስ ብለው ምንጣፉን በአንድ እጅ መነጨቁትና ጭናቸው ላይ ጣሉት።

“አሁን እርገጪ።”

ፔዳሉ ከእሷ እግር ጋር ወርዶ የማያውቅበት ድረስ ወረደ። አንደኛ ገባ። መብራቱ ቢጫ ሲሆን አለፉ። ከዚያ ሦስት መብራት ያዛቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ማርሹ ገባ። ፋብሪካው በር ላይ ወርቅዬ መኪናዋን ሳትቆልፍ፣ ቁልፉንም ሳታወጣ ሮጠች።

ጋሽ ኣንደማርያም መመለሻ አልነበራቸውም። መኪናዋን ማቆሚያ ቦታ አስገብተው ቁጭ አሉ። ዝናቡ ሲያባራ ምንጣፉን ኮፈኑ ላይ አሰጡት። የራት ዕረፍት ሲሆን፣ ከምሽቱ በሰባት ሰዓት፣ ወርቅዬ ዳቦዋን ለሁለት ከፍላ መጣች።

“የመግቢያ ካርድሽን ስንት ሰዓት ላይ መታሽ?”

“ሁለት ከሃምሳ ስምንት።” ዳቦውን ሰጠቻቸው። “ምንድን ነው የነበረው?”

“ምንጣፉ ነው። እየተጠቀለለ ከፍሪሲዮኑ ሥር ይገባል።”

“እርስዎ አራት ጊዜ ነድተዋታል እኮ።”

“አራቱንም ጊዜ አንስቼዋለሁ።”

“ካምቢዮውን አውርደው?”

“ካምቢዮውን አውርጄ! ሁለት ቀን ሲሚንቶ ላይ ተኝቼ! በሽታውን በገዛ እጄ አጥፌ ጣሪያ ላይ እያስቀመጥኩ በሽተኛዋን መረመርኩ።”

ሳቋ አመለጣት። ልትይዘው ሞከረች፤ አልሆነም። እሳቸውም ዳቦው አፋቸው ውስጥ እያለ ሳቁ።

“ለዘነበ እንዳትነግሪው።”

“ማርያምን አልነግረውም።”

ቅዳሜ ግን ራሳቸው ነገሩት፤ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ከነካምቢዮው። ዘነበ በጥሞና ሰማቸው።

“እኔ አልሰጋም” አለ። “የእኔዋ ምንጣፍ የላትም። ወለልም ያላት አይመስለኝም።”

ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ አዲስ ሕግ ወጣ። መጀመሪያ ባለቤቱ ይነዳል፤ ጋሽ ኣንደማርያም ጎን ይቀመጣሉ። ማን ፍሬን ላይ እንደሚተኛ፣ ማን ሲናደድ ማርሽ እንደሚሰብር፣ ማን እጁን ከማርሹ ላይ እንደማያነሳ አወቁ። ሌላም አወቁ። ሰው እየነዳ ያወራል። ከአገር ስለመጣ ደብዳቤ፣ ስላልመጣ ደብዳቤ፣ ሳን ሆሴ ስለተከፈተ ሱቅ። ያን ግቢ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ ስለ ጥገናው ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት ስለዚያ ዙረት ነው።

የወርቅዬ ዘጠናኛ ቀን ማርች 27 ሞላ። ቅዳሜን አልጠበቀችም፤ በማግስቱ ዓርብ ወደ ሥራ ስትሄድ ግቢው ጎራ አለች። ጋሽ ኣንደማርያም አንድ ቶዮታ ሥር ነበሩ። አዲሱን ባጅ፣ የቋሚ ሠራተኛውን፣ ወደ ታች ዘረጋችላቸው። አንድ እጅ ወጥቶ ባጁን ተቀበላት። ጥቂት ቆየ። እጁ ባጁን ይዞ ወደ እሷ ተመለሰ።

“ፎቶሽ ተኮሳትሯል” አሉ ከሥር።

“ፈርቼ ነበራ ጋሼ።”

“በይ ሂጂ። መንገዱን ዘግተሻል፤ ሰው ሊገባ ነው።”

ወርቅዬ ገብታ ሞተሩን አስነሳች። ቶዮታው ሥር የነበረው የመፍቻ ድምፅ ቆመ። የኋላ ማርሽ አስገባች። መኪናዋ ወጥታ ቴሌግራፍ እስክትደርስ አዳመጡና መፍቻውን እንደገና ማዞር ጀመሩ።