ልጅ የለኝም አልልም

አባቴ ዕድሜውን ግሬደር ላይ የጨረሰ ሰው ነው። የደቡብን መንገድ ሲደለድል ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ሐዋሳ፣ ታቦር ኮረብታ ሥር ካለው ሰፈር ተቀመጠ። ባጃጅ ወደ ከተማችን በገባበት ሰሞን እግሩ ማበጥ፣ ትንፋሹ ማጠር ጀመረ። ዳገቱን ሲወጣ አጥር እየያዘ ይቆማል። ሐኪሙ ልቡ መድከሙን ነግሮን በየወሩ እንዲመጣ አዘዘ። የእሱ ጡረታና የእኔ የመምህርነት ደመወዝ ግን ከቀለብና ከቤት ወጪ አያልፍም።

የነፃ ሕክምና ወረቀት ልንጠይቅ ቀበሌ ሄድን። መንግሥት በነፃ የሚያሳክመው ጧሪ የሌለውን ድሃ ነው። ጉዳዩን የያዘው ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አባት፣ ልጅ የለኝም ይበሉ። ምስክር እኔ እፈልግልዎታለሁ» አለው።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ይቺስ?»

«ለወረቀቱ ያህል ነው እንጂ...»

«እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ያሳደግኳት ልጄ ናት። ለኪኒን ብዬ አልክዳትም!» ብሎ ተነሣ።

መንገድ ላይ «አባባ፣ ቃል እኮ ነው፤ ብትላቸው ምን አለበት?» ብዬ ለመንኩት።

«አንቺ አባት የለኝም ትያለሽ?» አለኝ።

ያኔ ቀበሌው ስብሰባ አያጣም ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ሰብሳቢው ስለ ልማት ሲናገር ቆይቶ «ጥያቄ ያለው?» ሲል አባቴ ብድግ አለ። ኮቱን ብጎትተው ከእጄ መነጨቀው።

«መንገድ ስሠራ ግብሬ ከደመወዜ ሲቆረጥ ኖሯል። ዛሬ ለመታከም ልጅህን ካድ ተባልኩ። መውለዴ ነው ጥፋቴ?»

«አባት፣ አጀንዳችን አይደለም። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። መልሱን ቆሜ እሰማለሁ።»

እንደዚያ የተናገረ ሰው «ፀረ ልማት» የሚል ስም እንደሚወጣለት ሁላችንም እናውቃለን። ከኋላ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት የሲዳማ እናት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። መጀመሪያ በሲዳምኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ፣

«እኔም ልጅ አለኝ። እሱ ራሱ ሥራ የለውም። ታዲያ ልሙት?» አሉ።

ሌሎች ሽማግሌዎችም ተነሡ። ሰብሳቢው መልስ ሳይሰጥ ስብሰባውን ዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ ያ ወጣት አስጠራን። በወረቀቱ ላይ «ልጅ አላቸው፤ መምህርት ናት፤ ለማሳከም ግን አቅም የላትም» ብሎ ጽፏል። ፊቴ በሐፍረት ጋለ። አባቴ ግን ሰው እየሰማ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ምን ያሳፍርሻል?» አለኝ ስንወጣ። «ስታስተምሪ ውለሽ አባትሽን ማሳከም ካልቻልሽ፣ የሚያፍረው ሌላ ነው።»

ጎረቤታችንም ወረቀቱን አገኙ። ደንቡ ግን አልተለወጠም። ሌሎች አረጋውያን ምክር ፍለጋ ቤታችን ይመጡ ጀመር። አባቴ ለሁሉም «ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጎናችሁ አቁማችሁ ጠይቁ» ይላቸው ነበር። እስኪሞት ድረስ በየስብሰባው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።